በ«ፈነዳ» ዓረፍተ ነገር መሥራት

በደርግ ጊዜ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ለገበሬዎች መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ ተላከ የሚባል ካድሬ ሳይታሰብ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ክፉ ዕድሌ ሆኖ ሰሌዳው ላይ «ፈነዳ» ብዬ ጽፌ፣ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብያለሁ።

«ጎማ ፈነዳ» አለ አንዱ።

ሽማግሌው አያ ይመር ክፉ ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «አላህ ይሰውረን» አሉ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ዱዓ ካደረገ እስላሙም ክርስቲያኑም ይቀበላል። ሁላችንም «አሚን» አልን።

«የበሬዬ እባጭ ፈነዳ» አለች አንዲት ሴት።

«አላህ ይሰውረን።»

«አሚን።»

ካድሬው ተቁነጠነጠ። ሰሌዳውን ልጠርግ እጄን ስሰነዝር ብድግ አለ።

«ዋናውን ረሳችሁት እኮ፣ ጓዶች» አለ ቆጣ ብሎ። «አብዮት ፈነዳ።»

«አላህ ይሰውረን» አሉ አያ ይመር፣ እንደ ልማዳቸው።

ሁላችንም አሚናችንን ዋጥን። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ካድሬውን ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ «አሚን» አለ።

ካድሬው ነበር።