ያልተያዙለት ሁለት ዓመታት

በዚያ ሰሞን ልጄ ከቤት አይወጣም ነበር። አፈሳ ነው። ዐሥራ ስምንት የሞላው ለብሔራዊ ውትድርና ይመለመላል ቢባልም፣ አፋሾቹ መታወቂያ አያዩም፤ ቁመት ነው የሚያዩት። ስለዚህ የትምህርቱን ወረቀትና የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ፣ ከሰፈሬ ከልደታ ተነሥቼ ዲግሪ የሚሰጠው ኮሌጅ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት።

ልጄ ክፍለ ሀገር ባለ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሒሳብ አያያዝ ተምሯል። ያ ከተቆጠረለት ሦስተኛ ዓመት ይገባል፤ ካልተቆጠረለት ቦታ የለውም። የኮሌጅ ተማሪ አይነካም ይባል ነበር። እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፤ እኔ ግን ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

በመስኮቱ በኩል ያለችው ጸሐፊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አስረዳችኝ።

«እናቴ፣ እዚህ ምንም ያጥና ምን፣ ሁሉም የሚወስዳቸው የግዴታ ትምህርቶች አሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ የፖለቲካ ትምህርት። ልጅዎ እዚያ ወስዷቸዋል። ሲ እና ከዚያ በላይ ያመጣባቸው ይያዙለታል።»

«እንደገና አይማራቸውም?»

«አይማራቸውም።»

«ደብር ቢቀይርም ዳግመኛ አይጠመቅም በይኛ።»

ሳቀች። «ልክ ነዎት። መጠመቁን የሚያሳይ ወረቀት ካለው።»

ከስንት ጊዜ በኋላ እኔም ሳቅኩ። በእርሳስ ምልክት እያደረገች ወረደች፤ ይሄ ይያዛል፣ ይሄም ይያዛል፣ ይቺ ዲ ናት ትቀራለች። ከዚያ የቀበሌውን የድጋፍ ደብዳቤ ከጎኑ አስቀመጠችና እርሳሷ ቆመ።

«ልጅዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

ልጄ ከክፍለ ሀገር እንደተመለሰ የቀበሌው ሊቀመንበር እግር ላይ ወድቄ፣ ከቀበሌው የምልመላ ዝርዝር እንዲቀር ሃያ ዓመቱን ዐሥራ ሰባት አስብዬ አስጽፌ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ኮሌጅ ወረቀት ላይ የተወለደበት ዘመን እንደሚጻፍ ማን ነገረኝ?

«ዐሥራ ሰባት» አልኩ።

«ታዲያ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው ኮሌጅ የገባው?»

«ምን እያበሉ ነው ያሳደጉት?» አለ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ጸሐፊዋ አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ ለቀበሌው ጽፈን መጠየቅ አለብን። የቱ ነው ትክክሉ?»

የኮሌጁ ነው ብል ልጄ በማግስቱ ይወሰዳል፤ ያዘነልኝ ሊቀመንበርም ይታሰራል።

«ወረቀቱ የሱ አይደለም» አልኩ። «የታላቅ ወንድሙ ነው። ተሳስቼ ይዤ መጥቼ ነው።»

ታላቅ ወንድም የለውም።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ምልክቶቿን አንድ በአንድ በላጲስ አጥፍታ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «እንግዲያው የሚያዝለት የለም» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። እንዳዘነችልኝ ገባኝ። ማዘኗ ምን ያደርግልኛል?

ቤት ስገባ ልጄ ከመጋረጃው ኋላ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ ስንቱን ያዙልኝ?»

«አንዱንም።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ተመልሶ ተቀመጠና በሐሰቱ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት የሚሞላው መቼ እንደሆነ በጣቱ ቆጠረ። ሰባት ወር ቀርቶት ነበር።