ከፊት ያለ ዜሮ

ያ የሕፃን መድኃኒት የእንጆሪ ሽታ፣ ዛሬም ፋርማሲ ስገባ ድንገት ይመጣብኛል።

ሰኔ ነበር። የእንጦጦ ደመና እስከ ጉለሌ ወርዶ የቤታችንን ቆርቆሮ ዝናብ ሲደበድበው፣ ታላቅ እህቴ ሰናይት ፈተና ደርሶባት፣ ኬሚስትሪዋን ጮክ ብላ እያነበበች ሳሎኑ ውስጥ ትንጎራደድ ነበር። ታናሻችን ናሆም ገና ጥርስ አላበቀለም፤ ትኩሳት ይዞት ስለነበር እማዬ ጳውሎስ አካባቢ ካለ ፋርማሲ መድኃኒት ገዝታ፣ «ሲነቃ ስጠው» ብላ ለአባዬ ትታለት ሥራ ሄደች። አባዬ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ያን ቀን መኪናው ጋራዥ ገብታ ቤት ውሏል።

ካርቶኑ ላይ «0.5 ሚሊ» ተብሎ ተጽፏል። አባዬ ትክ ብሎ አየውና፣ «ሰኒ፣ ይቺ ከፊት ያለችው ዜሮ ምንድን ናት?» አላት።

እሷ የሚፈትናት መሰላት። የምታጠናው በልኬት ውስጥ ትርጉም ያላቸውን አሃዞች መቁጠር ስለነበር፣ ከመጽሐፉ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ከፊት ያለ ዜሮ አይቆጠርም!» አለችው።

ጥቂት ቆይቶ አባዬ ደስ ብሎት፣ «አምስቱንም ጥርግ አድርጎ ጠጣልኝ» አለ።

መጽሐፉ ከሰናይት እጅ ወደቀ፤ ካርቶኑን አንስታ አየችው።

«አምስት? አባዬ፣ ግማሽ እኮ ነው! ዐሥር እጥፍ ሰጠኸው!»

አባዬ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ናሆምን በጋቢ ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ሮጠ፤ እኛም እያለቀስን ተከተልነው። አስፋልቱ ላይ አንድ ጓደኛው ታክሲውን አቁሞ ጫነንና ሌላ ቦታ ሳይቆም ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሟ ልጁን ተቀብላ እየሮጠች፣ «እንኳን ቶሎ መጣችሁ» አለች። እማዬ ከሥራ በቀጥታ ሆስፒታል መጥታ ከናሆም አልጋ አጠገብ አደረች። በማግስቱ ናሆም ርቦት ሲያለቅስ፣ አባዬ መትረፉን አውቆ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ክረምቱን በሙሉ ሰናይት ጮክ ብላ አላነበበችም። መስከረም ሲጠባ አባዬ አጠገቡ አስቀምጧት፣ «አንቺ የምታወሪው ስለ ትምህርትሽ፣ እኔ ስለ ልጁ ነበር። ያጠፋሽው የለም። በይ አሁን አስረጂኝ» አላት። እሷም እንባዋን እየጠረገች፣ ያቺ ዜሮ አሃዝ ሲቆጠር ባትቆጠርም ነጥቧን ግን መዝለል እንደማይገባ አስረዳችው።

ናሆም ዛሬ አባዬን በቁመት ይበልጠዋል። ልጅ ሳለሁ አደጋ ከውጭ፣ ከክፉ ሰው የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ እኔም እናት ሆኜ ሳስበው የሚያስደነግጠኝ፣ ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የነበርነው የምንዋደድ ሰዎች ብቻ መሆናችን ነው።