የቀዩና የአረንጓዴው ሽቦ ነገር

ደብረ ዘይት ለአውሮፕላን ጥገና ሥልጠና የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ደሴ እንደጨረስኩ ነው። ለምርመራ ተሰልፈን ጥርሳችንን፣ ልባችንንና ጆሯችንን አዩ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፊደልም አስነበቡን። ቀለም መለየት የማይችል ሰው በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር። የጠየቀኝም የለም።

መጀመሪያ የተማርነው መሠረታዊ ኤሌክትሪክና ቴክኒካዊ ሥዕል ነው። ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ ሥዕሉን ግን አብልጬ። አምፖል ማለት በክብ ውስጥ ያለ መስቀል ነው። ባትሪ ማለት አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ያለ ጎን ለጎን የቆመ መስመር ነው። አውሮፕላንን የሚያህል ግዙፍ ነገር ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር ተዘርግቶ ሳየው ልቤ ይሞቅ ነበር። በሥዕሉ ላይ ሽቦዎቹ የሚለዩት በቁጥር እንጂ በቀለም አልነበረም። አስተማሪያችን ቁጡ የመቶ አለቃ ነበር። አንድ ቀን ሥዕሌን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና፣ «መስመር ማለት እንዲህ ነው» አለ። ያን ቃል ለአባቴ በደብዳቤ ጽፌ ላክሁለት። ባልላክሁለት ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የተግባር ትምህርት ከመጀመራችን በፊት፣ አጭር ዕረፍት ተሰጠንና ወላጆቼ ወዳሉበት ሐይቅ ሄድኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ አባቴ ጎረቤቶቹን አስከትሎ እየጠበቀኝ ነበር። በሐይቁ ዳር ባለችው መሬቱ ሽንኩርትና ጤፍ የሚያርስ፣ ከሰው ፊት ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ያን ቀን ግን አፉ ተፈታ።

«ይኸውላችሁ፣ አውሮፕላን ሠሪው መጣ!» አለ።

«አባባ፣ ገና መማሬ ነው እኮ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አብሽር፣ አንተ የማታውቀው ምን ቀረ?» ብሎ ሻንጣዬን ነጠቀኝ።

የአብዮቱ በዓል ተቃርቦ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጄነሬተርና ድምፅ ማጉያ ከሆነ ቦታ አምጥቷል፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድ ግን የጋሪ ጎማ ለሁለት ቆርጦታል። አባቴ ይህን እንደሰማ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ልጄ ምን ይሠራል?» ብሎ ቃል ገባ። ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ በእጄ ነክቼ እንደማላውቅ፣ እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ወረቀት ላይ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ግን ፊቱ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «የታለ ገመዱ?» አልኩ።

ሥራውን በሥዕል ጀመርኩ። አሮጌ ካርቶን ላይ ጄነሬተሩን፣ ማጉያውንና ሦስቱን ሽቦዎች በማስመሪያ አሰመርኩ። አንደኛው ኤሌክትሪኩን ይዞ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ይመልሰዋል፤ ሦስተኛው የማጉያውን ብረት ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ ሰው እንዳይነዝረው። ሥዕሉን የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ እኔም ቆመው ሲያዩት አያቸው ነበር።

ከዚያ ገመዱን ላጥኩ። ጥቁሩን ለየሁት። ሌሎቹ ሁለቱ ለእኔ ዓይን የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ፤ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ፈካ ያለ። ጠቆር ያለውን ከጠቆር ካለው፣ ፈካ ያለውን ከፈካው ጋር ቋጠርኩ። ግማሹ ገመድ ፀሐይ ላይ ከርሞ መልኩ እንደለቀቀ አላሰብኩም። ከፊቴ ያለው ቀይና አረንጓዴ መሆኑን፣ ኤሌክትሪክ የሚይዘውን ቀዩን ከመሬቱ አረንጓዴ ጋር መቋጠሬን ደግሞ ጭራሽ አላወቅኩም። ዙሪያዬን የቆሙት አዩ፤ ግን አውሮፕላን ሠሪውን ማን ያርመዋል?

በበዓሉ ዕለት ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰብስቧል፤ አባቴ ነጭ ኩታውን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ጄነሬተሩ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ለብሶ ወጣና ማይክራፎኑ ፊት ቆመ፤ ድምፅ የለም። ወደ እኔ አየ። ከዚያ ማይክራፎኑን ለመያዝ ሁለት እጁን ሰደደ።

የሰው ድምፅ የማይመስል ድምፅ አወጣ። ሁለት እጁ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሮጬ ጄነሬተሩን አጠፋሁት፤ ሊቀመንበሩም ከነማይክራፎኑ ወደቀ። ሴቶች ጮኹ። ሲያነሡት በሕይወት አለ፤ መዳፎቹ ግን ተቃጥለዋል።

«አሻጥር ነው!» አለ የአብዮት ጥበቃው አዛዥ። እጄን ወደኋላ አሰሩኝ። ያን ጊዜ ያቺ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። አንዱ ታጣቂ ካርቶኑን ከግድግዳው ገንጥሎ አመጣ። አዛዡ ገለባብጦ አየውና ጣቱን የሽቦው ጫፍ ላይ አሳረፈ፤

«እዚህ ጋ ‘መሬት’ ይላል። የመሬት ነገር ምን አግብቶህ ነው?»

ላስረዳው ሞከርኩ። መስመር፣ ምልክት፣ መመለሻ… ከአፌ የሚወጣው ሁሉ ለራሴም የባሰ የሚያስጠረጥር ሆኖ ተሰማኝ። በዚህ መሐል አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። ሊቀመንበሩ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ወተት ያጠጡታል። አባቴ ኩታውን አደግድጎ እዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ልጅ ነው፣ ሳያውቅ ነው። ማሰር ካለብዎ እኔን ይሰሩኝ» አለ።

ሊቀመንበሩ ከአባቴ በዕድሜ ብዙ ያንሳል። አባቴ አንተ ሲለው የኖረ ሰው ነው። አሁን ሕዝብ እያየው አንቱ እያለ ይለምነዋል። የዚያ ነጭ ኩታ ጫፍ ጭቃ ውስጥ ሲነከር አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ያዳነችኝ እናቴ ናት። ሰውን እየገፋች መጣችና፣ «ይኼ ልጅ ቀለም አይለይም!» አለች። «በልጅነቱ ለስፌቴ ቀይ አክርማ አቀብለኝ ስለው አረንጓዴውን ያመጣልኝ ነበር። ሲያሾፍብኝ እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ቆነጠጥሁት። ካላመናችሁ ፈትኑት።»

እናቴ ስፌት ትሰፋለች፤ ቤታችንም ከሜዳው አጠገብ ነው። የተቀለመውን የስፌት ሣር አስመጡና መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው በተኑት። እጄን ፈቱኝ።

«ቀዩን ለብቻው፣ አረንጓዴውን ለብቻው አድርግ» አለ አዛዡ።

ተንበርክኬ መለየት ጀመርኩ። በጥንቃቄ፣ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን እያዞርኩ ነው የለየሁት። ሁለት ክምር ሠራሁ። በትክክል የለየሁ መሰለኝና ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ እናቴ ፊቷን ወደዚያ አዞረች። መጀመሪያ ከሴቶቹ አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩም የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀ።

«አውሮፕላናችንን የሚጠግነው ይኼ ነው? ልቀቁት፣ ይሂድ!» አለ።

ያ ሳቅ ሕይወቴን አትርፎልኛል፤ አውቃለሁ። ያኔ ግን ቢያስሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ሲስቅ አባቴ እንደተንበረከከ ነበር፤ ተነሣ ያለው የለም። እኔም አላነሣሁትም። በአዳራሹ ጀርባ ዞሬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ደብረ ዘይት ተመልሼ ለመቶ አለቃው ራሴ ነገርኩት። አላመነኝም። ቀይና አረንጓዴ መብራት ያለው ሰሌዳ ፊት አቁሞ እያፈራረቀ አበራልኝ፤ እኔም ገመትኩ። መብራቱን አጠፋ።

«ሽቦው ቁጥር አለው፣ በእሱ ታልፍ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። «ግን አውሮፕላን ጎማው መውረድ አለመውረዱን የሚናገረው በመብራት ነው። በሰው ነፍስ አትገምትም።» ተቆጥቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ትከሻዬን ነክቶ አሰናበተኝ።

ሐይቅ ስመለስ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። ገበያ ላይ ልጆች ቃሪያና ቲማቲም እያነሡ፣ «ይኼ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ትልልቆቹ አይስቁም፤ ግን አይከለክሏቸውም። ከሁሉ የከበደኝ ቤት ነበር። አባቴ ሲገባ እወጣለሁ፤ እርሻ ላይ ስንውል ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። እሱም አይጠራኝም። እንዲህ ሆነን ወራት ከረምን።

አንድ ቀን፣ ውጫሌ ያለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንጭ ማጎልበቻ ሥራ ቴክኒካዊ ሥዕል የሚሠራ ሰው ይፈልጋል መባሉን አባቴ ሰምቶ፣ «ተነሥ፣ እንሂድ» አለኝ። አውቶቡስ ስላጣን የተወሰነውን መንገድ በእግር ሄድን። የአምባሰል ተራራ ወደሚታይበት ቦታ ስንደርስ አረፍ አልን። እሱ ወደ ተራራው እያየ ተናገረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን በመንበርከኬ ታፍርብኛለህ?»

ደነገጥኩ። «እኔ? ባንተ?»

«ፊቴን አታይም እኮ። አባቴ ሰው ፊት አዋረደኝ ብለህ ነው ብዬ ነው።»

«ወላሂ አባባ፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። ጭቃ ላይ ያወረድኩህ እኔ ነኝ። ላነሣህ እንኳ አልመጣሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። «የለም፣ የለም። አውሮፕላን ሠሪ እያልሁ አገር ያዳረስሁት እኔ ነኝ። አፌን ብይዝ አንተን ለዚያ ገመድ ማን ይጠራህ ነበር? እኔም አንተን ማየት አፍሬ ነው የከረምሁት።»

አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳችን ከሌላው ተሸሽገን መክረማችን ደግሞ ሌላ እፍረት ሆነብኝ። ስንነሣ የኩታውን ጫፍ ከእሾህ አላቀቅሁለት፤ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ።

መሥሪያ ቤቱ ስንገባ የቢሮው ሰውዬ፣ «ምን ትችላለህ?» አለኝ። አባቴ መለስ ብሎ አየኝ፤ ልናገር ወይ የሚል ይመስል ነበር። አዎ ለማለት አንገቴን ነቀነቅኩለት።

«ሥዕል ይችላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ሰውዬው ወረቀትና እርሳስ አቀበለኝ። አባቴ ወደ ውጭ ወጥቶ የግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጠ።