ዘጠነኛው ጣቢያ

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደውላ «የአካባቢው አስተዳደር የሕንፃውን በሮች ሁሉ ሊቀይር ነው፤ ሠራተኞቹ ሲመጡ አብረሽኝ ሁኚ» ስትለኝ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሼፈርድስ ቡሽ ወዳለው አሮጌው አፓርታማችን ሄድኩ። እናቴ በዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖራም መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ሲመጣባት አሁንም ትደነግጣለች፤ የፈለገችው እንግሊዝኛዬን ሳይሆን አጠገቧ መቆሜን ነበር። ሁለት ወጣቶች መጥተው ማጠፊያዎቹን ፈቱ፣ በሩን ነቅለው ኮሪደሩ ላይ አስደገፉት፣ ከዚያም ሻይ ሊጠጡ ወረዱ። አዲሱ በር እሳት ይከላከላል አሉ፤ የደብዳቤ ማስገቢያ ግን የለውም፣ ከእንግዲህ ፖስታ የሚገባው ምድር ቤት በተሠራው ሳጥን ነው። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ በአሮጌው በር ፊት ቁጢጥ ብዬ ከታች በኩል ያለችውን የደብዳቤ ማስገቢያ የናስ ክዳን ገፋሁ። ሽቦዋ አሁንም ጠንካራ ነው። ስለቃት «ቀጭ» ብላ ተዘጋች፣ ጣቶቼም ላብ ባለው እጅ ሲጨበጥ የዋለ ሳንቲም የሚሸተውን ሽታ ሸተቱ፤ በዚያች ሽታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆኖናል፣ ወረቀታችን ገና ነው። እናቴ ከአራት ሰዓት ተኩል በኋላ ካምደን ውስጥ ቢሮ ታጸዳለች (እዚህ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር እንደምንጠራው ነው የምጽፈው)፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ወስዳኝ፣ ምግቤን አቅርባልኝ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች፣ ልጅ ብቻዋን ቤት ከተገኘች «ሶሻል» (የሕፃናት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰዎች) መጥተው ይወስዷታል ብለው ስላስፈራሯት ያቺ ቤት ባዶ መምሰል ነበረባት። ጫማ አላደርግም፤ የፊት ለፊቱን መብራት አላበራም፤ ቴሌቪዥኑን የማየው ድምፁን አጥፍቼ ነው። ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኾ ከቆመ በኋላ ደግሞ ከጮኸ እናቴ ናት፣ ሌላው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ። መስኮቱ የሚከፈተው አራት ጣት ያህል ብቻ ነው፤ ከስድስተኛ ፎቅ ሆኜ በዚያች ክፍተት ቀያይ አውቶቡሶችን አያለሁ፣ የገበያውን ጫጫታ እሰማለሁ፣ እኩዮቼ ታች ኳስ ሲጠልዙ በየስማቸው እለያቸዋለሁ፣ እኔን ግን ማንም አያውቀኝም። ታስሬ ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም። እናቴም ታውቀዋለች መሰለኝ ቁልፉን ስታዞር ሁልጊዜ «ይቅርታ» ትል ነበር፣ ለእኔ ይሁን ለእግዜር እንጃ።

ከእኛ በር ትይዩ ባለው ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ማታ ማታ ጭር ያለ ቤት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኮሪደሩ ሰው በሰው ይሆናል። አንድ ቁጡ ወታደር ያዛል፣ አንዲት አሮጊት ታለቃቅሳለች፣ አንድ ቄስ ይመርቃል፣ ደግሞ አፉ የተሳሰረ ሰካራም ለድመት ይሁን ለሚስቱ ይቅርታ ይለምናል። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ መሬት ላይ ተኝቼ ክዳኗን በአንድ ጣት ገለጥኩ። የሚታየው ሁሉ አንድ ጥንድ እግር ነበር፤ ቡናማ ነጠላ ጫማ፣ የተሸበሸበ ሱሪ፣ ከበር እስከ ሊፍት እየሄደ ይመለሳል። የአሮጊቷም የወታደሩም ድምፅ የሚወጣው ከዚያ አንድ ጥንድ እግር በላይ ነበር። ጣቴ አዳልጦኝ ክዳኗ ጮኸች፣ እግሮቹም ቆሙ፣ ጉልበቶቹ እየተንቋቁ ታጠፉ፣ ሁለት ሰማያዊ ዓይኖችም ከዓይኖቼ ጋር ገጠሙ። ሰውየው «ይህ ቤት ባዶ መስሎኝ ነበር» ሲሉኝ እንደ ጅል «ባዶ ነው» አልኳቸው፤ እሳቸውም ነገሩን በቁም ነገር ተቀብለው «እንግዲያው ማንም አልሰማኝም ማለት ነው፤ ደግ» አሉና ተነሡ።

ሚስተር ፔል ይባላሉ፤ እናቴ በኋላ ስታውቃቸው ጋሼ ፔል አለቻቸው። ተዋናይ ናቸው። ታች የሚኖረው ጎረቤታቸው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበ ስላስቸገራቸው የተውኔት ቃላቸውን የሚያጠኑት ኮሪደር ላይ ነው። ሕይወታቸውን ሁሉ የሰማሁት በዚያች የአንድ መዳፍ ስፋት በነበራት ቀዳዳ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በገጠር ቲያትር ጦር ይዘው በመቆም ጀመሩ፤ ቀጥሎ የፈረስ የኋላ እግር ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ ያልሆኑት ነገር የለም። ንጉሥም፣ ሌባም፣ ጳጳስም፣ መርዝ የምታጠጣ ሞግዚትም ሆነዋል። በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ሞተዋል፣ ሁለት ጊዜ በአንድ ሳምንት ሞተው ጣቢያው ለተመልካቾች ይቅርታ ጠይቋል ብለውኛል፣ ይህንንስ አላመንኳቸውም። ይህን ሁሉ ሰው ሆነው ሳለ ግን ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ገበያ ውስጥ ሰዎች ፊታቸውን አፍጥጠው ያዩና «ባለፈው ክረምት ማሞቂያችንን የጠገንክልን አንተ አይደለህም?» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ላለማሳፈር «እኔ ነኝ፣ ደህና እየሠራ ነው?» ይላሉ። ፎቶግራፎቻቸውን አንድ በአንድ በቀዳዳው ያሳልፉልኛል፣ አንዱም ሌላውን አይመስልም። አብሮ የሚያልፍ ቀጭን ብስኩትም ነበር። ብርቱካን አያልፍም፤ ሞክረነዋል።

በዚያ መከር ከዓመታት በኋላ አንድ ትልቅ ሚና አገኙ። በአንድ ትንሽ ቲያትር የሚታይ አዲስ ተውኔት ሲሆን እሳቸው የሚሠሩት ሊዘጋ በተቃረበ መስመር ላይ ያሉ አንድ የባቡር ጣቢያ ሹምን ነው፤ ሹሙ በመጨረሻው ባቡር ቀን ብቻቸውን ቆመው የመስመሩን አሥራ ሁለት ጣቢያዎች በተራ እየጠሩ በእያንዳንዱ ያለፈውን ይናገራሉ። ረጅም ንግግር ነው። ጽሑፉን የሚከታተልላቸው ሰው ስላስፈለገ ወረቀቱን በቀዳዳው ሰጡኝ፣ እኔም በሆዴ ተኝቼ በጣቴ እየተከተልኩ አዳምጣለሁ። ለእኔ ያ ሰዓት ምን እንደነበረ ለመናገር ይቸግረኛል፤ አራት ሰዓት ተኩል እስኪሆን የምጓጓ፣ እናቴ ቶሎ እንድትሄድ የምመኝ ልጅ ሆንኩ።

የሠራሁት ስህተት የመጣው ከአስተዳደጌ ነው። ሚስተር ፔል ዘጠነኛውን ጣቢያ፣ ዊሎው ክሮስን፣ ይዘሉት ነበር፤ ከስምንተኛው ቀጥታ አሥረኛው። ጣቴ ቃሉ ላይ ቆሞ እያየሁት ዝም አልኩ። ትልቅ ሰው ሲሳሳት አንገት ማቀርቀር እንጂ ማረም ምን ቆርጦኝ! ጨርሰው «ልክ ነበር?» ሲሉኝ «በጣም ልክ ነበር» እላለሁ። እንዲህ አድርጌ አንድ ሳምንት አከበርኳቸው። ከዚያ አንድ ቀን ከልምምድ ሲመለሱ በቀስታ መጥተው በራችን ላይ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ጀርባቸው ክዳኗን ሸፍኗት ጨለመብኝ። በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የሚሆን የተውኔቱ አዘጋጅ በሰው ሁሉ ፊት አስቁሟቸው ኖሯል።

«ዘጠነኛውን ስዘለው አይተሻል?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

ትልቅ ሰው አይታረምም አልኳቸው፤ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አስፈራኝ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔ በአሁኑ ጊዜ የሚያስፈልገኝ አክብሮት ስሳሳት መያዝ ነው። ያዢኝ» አሉኝ፤ ቃልም አስገቡኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ «ኖ፣ ሚስተር ፔል። ዊሎው ክሮስ» እላለሁ። በዕድሜዬ ለሽማግሌ «ኖ» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እየዋለ ሲያድር ግን «ኖ» በዛ። አንዲቱን ቦታ በአንድ ከሰዓት ስድስት ጊዜ አርሜያቸው ሰባተኛ ጊዜ ይዘሏታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከጣቢያው ሹም መሐል ተነሥቶ አንድ ንጉሥ ይናገራል። ዓይኖቻቸውን በቀዳዳው ሳያቸው እሳቸውም አውቀውታል። «ይህን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ሚናውን ይነጥቁኛል» አሉኝ፤ እኔም በበኩሌ ብቻዬን መሆኔን ለማንም እንዳይነግሩ ነገርኳቸው። እንዲህ በሁለት በር መካከል ሁለታችንም ተደብቀን ኖርን።

ተውኔቱ ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ቀን፣ እናቴ ከሄደች አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በራችን ላይ ቁልፍ ሲገባ ሰማሁ። ሶሻል መጡ ብዬ ከጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ቁልፉ አልዞር ብሎ ይንገጫገጫል። በደረቴ ተስቤ ክዳኗን ስገልጥ ቡናማዎቹን ነጠላ ጫማዎች አየሁ፤ እነሱን እንዳደረጉ ጎዳና ወጥተው ኖሮ ውኃ ይንጠባጠባሉ። «ሚስተር ፔል» ብዬ ስጠራቸው ጎንበስ ብለው አዩኝ፣ አላወቁኝም። «ቤቴ ውስጥ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። ቤትዎ ከኋላዎ ነው አልኳቸው፤ ወደ ደረጃው ዞሩ። ስልኩ አጠገቤ ነው፤ የአደጋ ጊዜውን ሦስት ቁጥር ደውሎ ሰው መጥራት ማንም ልጅ ያውቃል። የሚመጡት ሰዎች ግን እኔንም ያገኙኛል። በሩን ለመክፈት ቁልፍ የለኝም፣ እግራቸው አንድ ደረጃ ወረደ፣ የማደርገው ጠፋኝ፣ አፌ ላይ የመጣው የተውኔቱ የመጀመሪያ ቃል ነበር፤ ከእሳቸው በፊት ሌላው ተዋናይ የሚለው ነው፣ «ጣቢያ ሹም፣ ዛሬ ባቡሩ ይዘገያል?» አልኩ ጮክ ብዬ።

እግራቸው ቆመ። ተመለሱ። የሚቀጥለውን ቃል በሙሉ ድምፃቸው መለሱልኝ።

ሲጨርሱ «ልክ ነበር?» አሉ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ዘለዋል። «ኖ፣ ሚስተር ፔል። እንደገና» አልኩ። እንደገና ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው፣ በእርጥብ ልብሳቸው እየተንቀጠቀጡ፣ እናቴ እስክትመጣ አራት ጊዜ አስደገምኳቸው፤ እርማቱ ከሌለ ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ስለፈራሁ ልክ ያሉትንም አንዳንዱን ስህተት ነው አልኳቸው፣ ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። እናቴ ከሊፍቱ ወጥታ ስታያቸው ካፖርቷን አውልቃ ደረበችባቸው፣ በአማርኛ «ይነሡ ጋሼ፣ ብርድ ነው፤ ቤትዎ ይኸውና» እያለች እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ እሳቸውም ሁሉንም የተረዱ ይመስል ተከተሏት።

ያን ምሽት እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። ለሰው መንገር እንዳለብን እሷም ታውቃለች። «ብናገር ማን አየ ይሉኛል። ልጄ ስል፣ ልጅሽ የት ሆና ይላሉ» አለች። ከዚያ «ነገ ይሻላቸው ይሆናል፤ ዝም በይ» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እንዳልወሰድ ብቻ ሳይሆን እሳቸውም እንዳይወሰዱብኝ ነበር። ደግሞም በማግስቱ ተላጭተው፣ እየቀለዱ መጡ፤ ስለ ትናንት አንድ ቃል አላነሱም። ሁለት ትኬት በቀዳዳው አሳለፉልኝ። የመክፈቻው ቀን ለእናቴ የሥራ ቀን ነበርና ትኬቶቹን ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ አሁንም እዚያው ናቸው። የመጨረሻው ልምምዳችን ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አረምኳቸው፣ ያቺው ዘጠነኛዋ ናት። «ነገ እዚያም ሆነሽ ትይዢኛለሽ ብዬ አስባለሁ» አሉኝ።

በመክፈቻው ቀን ተውኔቱ በሚጀመርበት ሰዓት እናቴ ገና አልመጣችም። ከተቆለፈው በር ሥር ተቀምጬ በግድግዳው ሰዓት እየገመትኩ ሙሉውን በቃሌ አልኩት። ዘጠነኛው ጋ ስደርስ «ዊሎው ክሮስ» አልኩ፤ የሚሰማኝ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእህታቸው ልጅ ዕቃቸውን ልትወስድ መጣች፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ልታስገባቸው ነው። እናቴ ሻይ አፈላችላት፣ እኔ አስተረጎምኩ። በመክፈቻው ምሽት ስምንተኛው ጣቢያ ላይ ዝም አሉ አለችን። ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ጊዜ ቃሉን አቀበሏቸው፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያ መድረኩ መሐል ቀስ ብለው በጉልበታቸው ተንበረከኩና ጆሯቸውን ወደ ታች ዘንበል አድርገው፣ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መስሎት እስትንፋሱን ያዘ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ፣ መጋረጃው እስኪወርድ። «ለምን እንደተንበረከከ ሊገባኝ አልቻለም፤ እናንተ ታውቃላችሁ?» አለች። ለእናቴ አስተረጎምኩላት። እናቴ አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ራሴ ተናግሬ፣ «አናውቅም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እናቴ ወረቀታችን ሲሰጠን የቀን ሥራ አገኘች፣ የቤቱን ቁልፍ አንገቴ ላይ በክር አሰረችልኝ፣ ወደ ፈለግሁበት እወጣለሁ እገባለሁ። ዛሬም በቴሌቪዥን አንድ አሮጌ ፊልም ሲታይ ከኋላ የቆመ ፖሊስ ወይም ሐኪም ድምፁን ሲያሰማ እለየዋለሁ፤ ልጆቼ «ማነው?» ሲሉኝ ማሞቂያችንን የጠገነልን ሰው ነው እላቸዋለሁ። መድረክ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም።

ሠራተኞቹ ከሻይ ሲመለሱ አሁንም በሩ ፊት እንደተቀመጥኩ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ነው ያለሁት በውጭ በኩል፣ እሳቸው ይንበረከኩበት በነበረው በኩል መሆኑን ያስተዋልኩት። አንደኛው ልጅ ጨዋ ነው፣ ታግሶ ቆመ። እናቴ ከውስጥ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ክዳኗን ገልጬ፣ ከግድግዳው በቀር ምንም በማይታይባት ቀዳዳ፣ ባዶ ቤት ውስጥ የተደበቀች ልጅ በምታወጣው ድምፅ «ኖ፣ ሚስተር ፔል። ዊሎው ክሮስ» አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ መንገድ ለቀቅሁላቸው፣ በሩን ለሁለት ተሸክመው ወረዱ።