ማርሊዝና ሁለቱ የጠላቂ ሰዓቶች

ማርሊዝ ቪዩል ደስ ሲላት ዝም ማለት አትችልም። እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሎክል ከተማ ባለው የሰዓት ፋብሪካ የውሃ መፈተሻ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ፀጉራችን የሸበተው። ሥራችን ለጠላቂዎች የሚሠሩትን ሰዓቶች በወፍራም የብረት ጋን ከትተን በውሃ ግፊት ማስጨነቅ ነበር። የቻለው ያልፋል፣ ውሃ ያስገባው ወደ ሠሪው ይመለሳል። እኔ እንደ ማንኛውም ሥራ ሠርቼው ቤቴ እገባለሁ። እሷ ግን ጋኑ በተከፈተ ቁጥር ገና ትናንት እንደተቀጠረች ልጅ ክርኔን እየጎሸመች፣ “እይው እንጂ፣ ከዚያ ሁሉ ወጥቶ ይሄዳል፤ ልቡ አልቆመም” ትለኛለች።

ታዲያ ስንቱን ሰዓት ውሃ ውስጥ ስትከት የኖረችው ሴት ዋና አታውቅም ነበር። ያደግነው ተራራ ላይ ነው። የኑሻቴል ሐይቅ ከእኛ ተራራውን ተሻግሮ ታች ነው፤ በበጋ ለሽርሽር ስንወርድ እሷ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነክራ፣ አይስክሬሟን በልታ ትመለሳለች።

ባሏ ሮላን ካረፈ በኋላ የቀሯት የቅርብ ሰዎች የባሏ ወንድም ጂልቤርና የእሱ ልጅ ኮራሊ ናቸው። ጂልቤር ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ በጉልምስናው ግን የሐይቁን ሥር እንደ ጓሮው የሚያውቅ ጠላቂ ነበር። ከእጁ የማይጠፋ አንድ ሰዓት አለው፦ ፋብሪካችን በወጣትነታችን ያወጣው፣ በሐይቁ አዳኝ ዓሣ ስም “ብሮሼ” የተባለው። ኮራሊ ደግሞ እኛ ጡረታ በወጣንበት ፋብሪካ ሰዓት ገጣጣሚ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ፋብሪካው ብሮሼን እንደገና ሠርቼ ላወጣ ነው ባለበት ዓመት ነው። መስከረም ላይ እንደ ልማዳችን ላሞቹ ከግጦሹ ሳይወርዱ ሜዳው ላይ ትልቅ እሳት አነደድን፤ ቋሊማውን በጎመን ቅጠልና በወረቀት ጠቅልለን ፍሙ ውስጥ ቀበርነው። እስኪበስል ነጭ ወይን እየጠጣን ስንጠብቅ ኮራሊ እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገች። አዲሱ ብሮሼ እጇ ላይ ነበር፤ ለሙከራ እንድታደርገው ከሥራ ቦታዋ ተፈቅዶላታል።

ጂልቤር መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። ብዙ ካየው በኋላ፣ “ይሄ ሰዓት ነው ወይስ የድስት ክዳን?” አለ።

“አባዬ፣ ሳትነካው አትፍረድ።”

“ምኑን ልንካው? ሸሚዝ ሥር አይገባ።”

“ያንተስ መስተዋቱ ፕላስቲክ አይደለም? ስንት ጊዜ ነው በጥርስ ሳሙና ስትወለውለው ያየሁህ?”

“ፕላስቲክ ሲጫር ይወለወላል። ያንቺ የሰንፔር መስተዋት ሲሰነጠቅ ምን ይሆናል?”

“አይሰነጠቅማ።”

ማርሊዝ ይሄን ጊዜ ዓይኗ በርቷል። ከሁለቱም ተቀብላ አሮጌውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ እጇ አሰረችና ወደ ፀሐዩ ዞረች። እኔም ተጠጋሁ። የሁለቱ ሰዓቶች ፊት እንደ አያትና የልጅ ልጅ ይመሳሰላል። አሮጌው ስስና ቀላል ነው፤ ጥቁር ፊቱ ወደ ቡናማ ደብዝዟል፣ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀቡት ነጠብጣቦች እንደ ቅቤ ቢጫ ሆነዋል። ደቂቃ የሚቆጠርበት የዳር ቀለበቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። አዲሱ ወፍራምና ከባድ ነው፤ ማሰሪያው ብረት፣ ቀለበቱ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ። እሱ የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፣ በዞረ ቁጥርም ቀጭ ቀጭ ይላል።

“እንደ አይጥ ወጥመድ ነው የሚንቋቋው” አለ ጂልቤር። “ይሄንን የኔን እዩ። አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። ፈርናንድ ግማሽ ሲሊንደር አየር አሸክሞ ሲያወርደኝ፣ ጉዱን ያሳበቀው ይሄ ሰዓት ነው።”

እኔ ፍሙን ቆሰቆስኩ። የፈርናንድን ነገር ሁላችንም ስንሰማው ኖረናል። ፈርናንድ የጂልቤር የመጥለቅ ጓደኛው ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ቀን ሐይቁ ሥር ወደ ሰመጠች አንዲት የጭነት ጀልባ አብረው ወረዱ። ሲሊንደሮቹን የሞላው ፈርናንድ ነው። በዚያ ዘመን የቀረውን አየር የሚያሳይ መለኪያ ሁሉም ጠላቂ አልነበረውም፤ ሰው በሰዓቱ ነበር የሚቆጥረው። ሰዓቱ ገና ብዙ ጊዜ አለህ እያለው የጂልቤር አየር አለቀ። ፈርናንድ የራሱን አየር እያካፈለ አወጣው። ጂልቤር ግን ገና ሐይቁ ዳርቻ ላይ እንደቆመ፣ በቸልተኝነት ግማሽ ሲሊንደር ሞልተህ ልትገድለኝ ነበር አለው፤ ለከተማውም ነገረ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። ፈርናንድም ቤቱን ሸጦ ሐይቁ ዳር ወዳለ መንደር ወረደ።

ማርሊዝ ግን ወደ ሰዓቶቹ መለሰችን። “እሳት ዳር ተቀምጦ ይሄ ይበልጣል ያ ይበልጣል ማለት ምን ይረባል? የጠላቂ ሰዓት አይደሉ? ውሃ ይግቡና እንያቸው።”

“ማን ያስገባቸዋል?” አለ ጂልቤር።

“እኔ።”

ጂልቤር የያዘውን እንጨት ጥሎ ሳቀ። “አንቺ? ገንዳ ለመታጠብ እንኳ ግድግዳ የምትይዢው?”

“እንግዲያው አስተምረኛ። ምን ሥራ አለህ?”

ቀልድ መስሎን ነበር። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙ ልቧንም ሳንባዋንም አዳምጦ፣ ከጤነኞቹ ወጣቶች አታንሺም አላት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ጂልቤር በመኪናው ሾ-ደ-ፎን ወዳለው የመዋኛ ገንዳ ያመላልሳት ጀመር። እኔ የምኖረው ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ፀጉሯ ሳይደርቅ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በሬን ትደበድባለች። “ዛሬ ፊቴን ከተትኩ።” “ዛሬ ተንሳፈፍኩ፣ ጂልቤር እጁን ሳይነግረኝ ለቀቀኝ፣ ሌባ።” በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ሲሊንደር ተሸክማ የገንዳው ወለል ላይ ቁጭ ማለት ቻለች። “የራሴን ትንፋሽ ነው የምሰማው። ሌላ ምንም የለም። ይሄን ሳላውቅ ልሞት ነበር እኮ” አለችኝ፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አሮጌውን ሰዓት ራሷ ከፍታ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉትን ጎሚኒዎች በሙሉ ቀየረች። ጂልቤር ልጁ ቀዶ ጥገና እንደሚደረግለት አባት ራስጌዋ ቆሞ፣ “ቀስ፣ ቀስ” ሲል አላሠራ ብሏት በመጨረሻ ወደ ኩሽና አባረረችው።

ሰኔ ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ሳንት-ኦባን ወረድን። ቀኑ ጠራራ ነበር። የማርሊዝ ጥቁር የጠላቂ ልብስ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሎ እኔና ኮራሊ በሁለት በኩል ጎትተን ዘጋነው። ሁለቱን ሰዓቶች እጅጌዋ ላይ አሰረች፣ አሮጌው በግራ፣ አዲሱ በቀኝ። ጂልቤር የራሱን እጅ ባዶ አድርጎ ሊገባ ነበር፤ ኮራሊ ግን ዛሬ ጠላቂ ሁሉ የሚያስረውን ትንሽ ኮምፒውተር በግድ አሰረችለት። “ሰዓቶቹ ይጨቃጨቁ። አንተ ግን ይሄን እያየህ ትወጣለህ” አለችው። ማርሊዝ የሁለቱንም ቀለበት ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጋር አገናኘች፤ ቆጣሪው ከምልክቱ የራቀውን ያህል ደቂቃ ውሃ ውስጥ ቆይተዋል ማለት ነው። ከዚያ ገቡ። እኔና ኮራሊ ሐይቁ ዳር ባለው የጀልባ መወጣጫ ላይ ቆመን አረፋቸውን በዓይናችን ስንከተል ቀረን።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያወቅነው ከእሷ አፍ ነው። ከላይ ተንሳፋፊ ፊኛ ላይ የታሰረ ገመድ ነበር፤ እሱን በግራ እጇ ይዛ እየተንሸራተተች ወረደች። ውሃው መጀመሪያ ብሩህ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ የጠርሙስ አረንጓዴ ሆነ። አንድ ቦታ ላይ ቅዝቃዜው እንደ በር ተከፍቶ ፊቷን መታት። ትንሽ ዝቅ ብለው ቆሙና ሙከራዋን ጀመረች። የእጅ ባትሪዋን አጠፋች፤ አሮጌው እንደተዘጋ ሱቅ ጨለመ፣ አዲሱ ግን ቁጥር በቁጥር እንደ ጨረቃ በራ። ባትሪዋን አበራች፤ አሁን አዲሱ ብርሃኑን ከሚያብረቀርቀው ቀለበቱ ላይ እያነጠረ ዓይኗ ውስጥ ወረወረው፣ አሮጌው ግን ረጋ ብሎ ሰዓቱን ነገራት። “በልቤ አንድ ለአንድ አልኩ” ትላለች።

ከዚያ ጂልቤር ስንት ቆየን ብሎ በምልክት ጠየቃት። ግራ እጇን አየች፤ ገና መግባታችን ነው ይላል። ቀኝ እጇን አየች፤ የመውጫችሁ ጊዜ ደርሷል ይላል።

“ደነገጥኩ። የቱን ልመን? መጀመሪያ አዲሱ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ትልልቆቹን ቆጣሪዎች አየሁ። ሁለቱም አንድ ቦታ ናቸው። ሰዓቶቹ ተስማምተዋል። የተንቀሳቀሰው የአሮጌው ቀለበት ነው።”

ስትወርድ ገመዱ ቀለበቱን ታክኮ ወደ ፊት ገፍቶት ኖሯል። የአዲሱ ቀለበት ቢገፋም ወደዚያ አይሄድም። ግራ እጇን ለጂልቤር አሳየችው። እሱ ኮምፒውተሩን አየ፤ ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ጋር ነው። ያኔ ክንዷን ያዘና ያንን ቀለበት በአውራ ጣቱ ወደ ፊት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያዞረው ጀመር። ያበደ መሰላት። በመጨረሻ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፤ በየመሃሉ እየቆሙ ቀስ ብለው ወጡ።

ውሃው ላይ ብቅ እንዳለች ማርሊዝ አፏ ነፃ ሲወጣ ያየችውን ሁሉ ባንዴ ልትነግረን ትጣደፋለች፤ ስለ ቅዝቃዜው፣ ስለ ጨረቃው፣ አጠገቧ ስላለፈው ዓሣ። ጂልቤር ግን መወጣጫው ላይ ተቀምጦ፣ “ፈርናንድ ሞልቶት ነበር” አለ።

“ምን አልክ አባዬ?”

“ሲሊንደሩን። ሙሉ ነበር። ያን ቀን በሰመጠችው ጀልባ ጠርዝ ሥር እጄን አስገብቼ ነበር። ቀለበቱ ዞሮብኝ ነው። አየሩ በጊዜው ነው ያለቀው።”

ማርሊዝ እጇ ሥራ መፍታት ስለማይችል ሁለቱን ሰዓቶች ፀሐይ ያጋለው የመኪናው አፍንጫ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሲሞቁ በየመስተዋታቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ አደረገች። ውስጥ እርጥበት ካለ ጠብታው ሥር ጉም ይታያል፤ ፋብሪካም የምናደርገው ይሄንኑ ነበር። ሦስታችን ጎንበስ ብለን አየን። ጠብታውን በጨርቅ ጠረገችው። “ንጹሕ” አለች። “ሁለቱም ንጹሕ። ሽማግሌው አንዲት ጠብታ አላስገባም።” ከደስታዋ ብዛት ጉንጬን ሳመችኝ።

ጂልቤር ቀና ብሎ እንኳ አላየም። “ኮራሊ፣ መኪናውን አስነሺ” አለ።

“ልብስህን አትቀይርም?”

“አስነሺ አልኩሽ።”

ፈርናንድ የሚኖርበት ቤቬ ቅርብ ነው። ስንደርስ መሰላል ላይ ሆኖ ቼሪ ይለቅማል። ጥቁር ጎማ የለበሰና ውሃ የሚንጠባጠብ ሽማግሌ በአትክልቱ በር ሲገባ አይቶ፣ ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ “ምነው፣ ጎርፍ አለ እንዴ?” አለ።

“ሲሊንደሩን ሞልተኸው ነበር” አለ ጂልቤር።

ፈርናንድ ቅርጫቱን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለና ቀስ ብሎ ወረደ። “ሞልቼው እንደነበር እኔ አውቃለሁ። አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅከው?”

ጂልቤር አሮጌውን ሰዓት ዘረጋለትና ቀለበቱን አዙሮ አሳየው። ፈርናንድም ራሱ ሞከረው።

“እና ይህችን ለማወቅ አርባ ዓመት ፈጀብህ?”

“እኔማ አላወቅኩም። እሷ ናት ያገኘችው።”

“ጠላቂ ነሽ?” አላት ማርሊዝን።

“ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ዋናም ከዚህ ክረምት ወዲህ ነው የቻልኩት” አለች፣ እሷ ደግሞ መኩራቷ።

ፈርናንድ መሰላሉን ይዞ እስኪደክመው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ተለወጠ። “አየሬን ሰጥቼ አወጣሁህ። አንተ ደግሞ ስሜን አጠፋህ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሰምተው መጡ።”

“አዎ፣ አጥፍቻለሁ። ሎክል ወጥቼ፣ ያኔ ከነገርኳቸው በሕይወት ላሉት ሁሉ እውነቱን እነግራለሁ። ይቅር በለኝ።”

ፈርናንድ ሰዓቱን መለሰለት። “ግባ” አለው። “ያንን ጎማ ግን እዚሁ አውልቅ፤ ምንጣፌን ታበሰብስብኛለህ።”

የፈርናንድ ሚስት የሐይቁን ትንንሽ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልን። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ እንደ እንግዳ ቁጥብ ነበሩ፤ ወይኑ ሲደገም ስለ ድሮ ቦታዎች መከራከር ጀመሩ፣ ክርክራቸው ከዕርቁ ይበልጥ ደስ አለኝ። ኮራሊ አክስቷን ጠየቀቻት፤ “እሺ አክስቴ፣ የቱ በለጠ?”

“እጅ ላይ አሮጌው። ቀላል ነው፣ መልኩም አይሰለችም። ነፍስሽን አምነሽ ልትወርጂ ከሆነ ግን አዲሱ። ያ የአይጥ ወጥመድ አይዋሽም። ለሰዎችሽ ደግሞ ያን ቀለበት ትንሽ አደብዝዙት በያቸው፣ ዓይን ያጠፋል።”

ኮራሊ ተናገረች፤ ይስሙ አይስሙ አላውቅም። ጂልቤር አሮጌውን አሁንም ያስረዋል፣ ውሃ ሲገባ ግን አውልቆ ለእኔ ይሰጠኛል። ቃሉንም አክብሮ በመስከረሙ እሳት ዳር ተሰብስበን ሳለን ብድግ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት የፈርናንድን ስም አጸዳ። ፈርናንድ አጠገቡ ተቀምጦ፣ “ጮክ በል፣ የኋላዎቹ አልሰሙም” ይለው ነበር።

በሁለተኛው በጋ ማርሊዝ ወደ ሰመጠችው ጀልባ ካልወሰዳችሁኝ ብላ ነዘነዘቻቸው። ጥልቅ ነው፣ ገና ነሽ ቢሏት ሥልጠናውን ጨርሳ ወረቀቷን ፊታቸው ዘረጋች። ሦስቱ አብረው ወረዱ። እኔና ኮራሊ መወጣጫው ላይ ዳቦና ቋሊማ እየቆረጥን ጠበቅናቸው። መጀመሪያ ብቅ ያለችው እሷ ናት፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣ ገና ወደ እኛ ሳትደርስ ማውራት ጀምራ ነበር፦ ጀልባዋ መሪዋ እንኳ አልወደቀም፣ ጭነት ማኖሪያዋ ውስጥ ዓሦች እንደ ገበያ ተሰብስበዋል፣ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ማን ይቅደም ብለው እዚያ ታች ሲገፋፉ ብታዩዋቸው ኖሮ...