አባቴ ያመጣው ቬኬሽን

ሳንታ ክላራ ካለው መሥሪያ ቤቴ ጀርባ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር፣ ሰዎች የሚኖሩባቸው አሮጌ ትሬይለሮች ተደርድረው ይቆማሉ። ሰሞኑን፣ ከስብሰባ ስብሰባ ስል ውዬ ራሴን እያመመኝ ወደ መኪናዬ ሳዘግም፣ የአንዱ በር ተከፍቶ ነበርና የጋዝ ምድጃና የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሞላው። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ያ ሽታ ግን የአባቴን ድካም አስታወሰኝና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሣ ብዙ ቆየሁ።

ያኔ የምንኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆ የሚንቀጫቀጭበት አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ታክሲ ይነዳል፣ እናቴ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው። ቬኬሽን የሚባለውን የዕረፍት ጉዞ የምናውቀው ከክፍል ጓደኞቻችን ወሬ ነው፤ አባታችን ዓመት በዓልን እንኳ ታክሲው ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው ነበራ። ስለዚህ አንድ ረቡዕ ጠዋት "ተነሡ፣ ቬኬሽን እንሄዳለን፤ ትሬይለር ሬንት አድርጌያለሁ" ሲለን ናቲ አልጋው ላይ ዘለለ፤ እናቴ ደግሞ ትኩሳት ይዞት እንደሆን ብላ የአባቴን ግንባር ዳሰሰች።

ትኩሳት አልነበረም። እናቴን እንደ አባትም እንደ እናትም ሆኖ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ፣ ጋሼ ታደሰ፣ አዲስ አበባ ላይ ማረፉን ከቤታችን አባቴ ብቻ ሰምቷል። እንዲህ ያለ መርዶ በእኛ ወግ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ በማለዳ ነው። የሚያረዷት ሰዎች ደግሞ አንዷ ሆስፒታል ፈረቃ አለባት፣ አንዱ ከሳን ሆዜ ነው የሚመጣው፣ ሌላውን አለቃው አይለቀውም፤ አሜሪካ መርዶም ቅዳሜን ይጠብቃል። እስከዚያ አንድ አፈ ልቅ ሰው ደውሎ እንዳያፈነዳባት አባቴ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ፈልጎ ወሰደን። እኛ ልጆቹ ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ቦታው ከባሕሩ ወዲህ ያለ ሸለቆ ነበር። አባቴ ባሳየን ፎቶ ላይ ያየነው ሰማያዊ መዋኛ ውሃው ደርቆ ቅጠል ተኝቶበታል፤ ጉሙ እስከ ቀትር አይገፈፍም። ትሬይለሩ ውስጥ አንድ ሰው እንዲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ምንጣፉ ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎችም ውሾቻቸውንም ይሸታል። ናቲ "ዲስ ኢዝ ቦሪንግ" እያለ ይነጫነጫል። እኔን ያንገበገበኝ ከየጎረቤቱ የሚጠበሰው ሥጋ ነበር፤ ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ የእኛ ቬኬሽን ምስር በዳቦ ሆኖ አረፈው።

እናቴ ግን ደስ አላት፤ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው። ለፈረቃ የምትነሣው ሴት እስከ ረፋድ ተኛች። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህን ሲያጥብ "ወይ ጉድ፣ ፈረንጅ አገባሁ" እያለች አሾፈችበት። ታጥፎ አልጋ የሚሆነው ጠረጴዛ አባቴን ይዞት ሲወድቅማ እንባዋ እስኪፈስ፣ ወገቧን ይዛ፣ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። "ጋሼ ቪዛው ሲመጣለት እዚህ ነው የማመጣው፤ ጉም ሲወድ!" ስትል አባቴ "ጋዙን ቼክ ላድርግ" ብሎ ወጣ። ስለ ጋሼ ባነሣች ቁጥር ጋዙን ቼክ ያደርጋል። አንዴ ተከትዬው ብወጣ ግንባሩን ትሬይለሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

"ዋትስ ሮንግ፣ አባ?"

"ደከመኝ፣ ልጄ" አለኝ፤ በቬኬሽን የሚደክም ሰው አይቼ ስለማላውቅ ሳቅሁበት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተመለስን። እናቴ "ምን አስቸኮለህ? እሑድንም እንዋል እንጂ" እያለች መንገዱን ሙሉ ትነዘንዘው ነበር። ፍሩትቬል ስንደርስ በራችን ላይ የምናውቃቸው መኪኖች ተደርድረዋል፤ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ወይ ሥራ ላይ መሆን የነበረባቸው ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይጠብቁናል። አበሻ ሆኖ ይህን አይቶ የማይገባው የለም። እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ ገባት። ከመጮኋ በፊት ወደ አባቴ ዞረች።

"ስስቅ እያየኸኝ?" አለችው።

ማንም አልወቀሰውም። ሽማግሌዎቹ "ደግ አደረግህ፣ የወንድ ሥራ ነው የሠራኸው" አሉት፤ እሷም ሐዘኗ ሲበርድ ይቅር ብላዋለች። ይቅር ያላለችው ደስታን ነው። ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲጀምራት ቀድማ የአባቴን ፊት ታያለች፤ እሱም ፊቱን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል፣ በዚህ ሁኔታ አረጁ። እኔ ጋሼን በፎቶ ነው የማውቀው፤ የናፈቀኝ የእናቴ ሳቅ ነው።

አሁን ጡረታ ወጥተው ሳን ሆዜ እኔ አጠገብ ይኖራሉ። በቀደም አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ደፈረና፣ ባሕሩን የሚያይ ሆቴል ቡክ አድርጎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ አበባ ይዞ ገባ። እኔም እዚያው ነበርኩ። "ተነሺ እስቲ፣ አንድ ቦታ ልወስድሽ ነው" አላት ፈገግ ብሎ። እናቴ አበባውን አልተቀበለችውም። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ቀስ ብላ ተነሣች።

"ማን ሞተ?" አለችው።