ከዛፎቹ ማዶ ያለው መብራት

ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ታናሽ እህቷም እንደዚያው። ሱቆቻቸው ፊት ለፊት ናቸው። በመሃላቸው ያለው ባለዛፍ መንገድ ግን፣ ጉድ በሉ፣ የሁለት ማዘጋጃ ቤቶች ድንበር ነበር። ከተማው አንድ፣ አስተዳዳሪው ሁለት! አንዱ አስፋልት ሲያነጥፍ ሌላው ቧንቧ ልቅበር ብሎ ይቆፍረዋል። መሃል ላይ ያሉትን ዛፎች የሚከረክም የለም፤ የማን እንደሆኑ አይታወቅማ። የመንገድ መብራት የተከለው ደግሞ የታናሽየዋ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው።

ይሄ መብራት የታላቅየዋን አንጀት አሳረረው። መሸት ሲል ደንበኞቿ በዛፎቹ መሃል ሹልክ እያሉ ወደዚያ ይሻገራሉ።

“መብራቱ ነው የሚወስዳቸው” ትላለች ለባሏ። “መርፌ መያዝ ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ?”

“ተይ እንግዲህ፣ እህትሽ ናት።”

“ብትሆንስ! ድሮም ሁሉ ነገር ለእሷ ነው።”

ኋላ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች በአንድ የከተማ ምክር ቤት ሥር ተጠቃለሉ። መንገዱም፣ ውሃውም፣ መብራቱም በአንድ ፕላን ይመራል ተባለና ነዋሪው ለስብሰባ ተጠራ። የፕላን ባለሙያው ካርታውን ሰቅሎ፣ “አሮጌዎቹ ምሰሶዎች ይነሳሉ። በመንገዱ አንድ ጠርዝ የውሃ መስመር ስለሚቀበር አዲሶቹ የሚቆሙት በሌላው ብቻ ነው። መብራቱ በየትኛው ጠርዝ ይሁን?” አለ።

ታላቅየዋ እጇን ሳታወጣ ታናሽየዋ ብድግ አለች።

“በእህቴ በኩል ይሁን። ለእኔ እስከዛሬ በርቶልኛል፤ አሁን ደግሞ ለእትዬ ይብራላት።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ታላቅየዋ የተመኘችውን አገኘች፤ እንዲያም ሆኖ ‘ጭብጨባውም ለእሷ!’ አለች በሆዷ።

መብራቱ ተተክሎ ደጇ ላይ ቦግ አለ። መስታወቷን ወለወለች፣ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች፣ ለደንበኛ ወንበር አውጥታ ጠበቀች። በዚያው ምሽት አንዲት አሮጊት ጎረቤት ጨርቅ በፌስታል አንጠልጥለው ከች አሉ። ታላቅየዋ ብድግ አለች።

“ይግቡ እማማ!”

“ልጄ፣ ማዶ እኮ ድቅድቅ ጨለማ ሆኗል፤ እንዳልወድቅ ፈራሁ። እስቲ እጄን ይዘሽ ወደ እህትሽ አሻግሪኝ።”

ክው አለች። ምን ታድርግ፣ እጃቸውን ያዘች።

ታናሽየዋ በአንዲት አምፖል ሥር ተንበርክካ የአንዲት ሴት ቀሚስ ጠርዝ ትለካለች። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ የሴትየዋን የጉልበት ሕመም ታሪክ አንገቷን እየነቀነቀች ትሰማለች። ተራ የሚጠብቁት ይሳሳቃሉ። ታላቅየዋ ለደንበኛ ተንበርክካ አታውቅም። ‘ጠበበኝ’ ላለቻት ሁሉ መልሷ ‘ወፍረሽ ነዋ!’ ነበር።

“እንዴ፣ እትዬ መጣሽ? ቁጭ በይ እንጂ!”

አልተቀመጠችም። አሮጊቷን አስገብታ በዛፎቹ መሃል ስትመለስ ደጇ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ወንበሩም ባዶውን ተቀምጧል። ከእንግዲህ የምታሳብብበት መብራትም ማዘጋጃ ቤትም አልነበራትም።